ደሴ ላይ ጠበቃ ጋ ሄድኩ፣ «አትክሰሺ» ብሎ 600 ብር ተቀበለኝ

የቢሮውን ስም አልጽፍም። ሰውዬውን አላስፈቀድኩትም፤ ደግሞ ከምስጋናው ጋር ቅሬታም አለኝ፣ ሰውን በስሙ እየጠሩ ማማት አልወድም። ቢሮው ግን ደሴ ነው፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ጠባብ ክፍል። ሊፍት የለውም። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው እናቴን ይዤ ስለወጣሁ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና «እዚህ ድረስ ይምጣና ያናግረኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ካረፈ ዓመት አልፎታል። እሱ ሙስሊም ነበር፣ እናቴ ክርስቲያን ናት። ወሎ ላይ ይሄ ወሬ አይደለም፤ እኛ ቤት በዓል ሲመጣ ሁለት ቢላዋ ይሳላል፣ አለቀ። አባቴ ከእናቴ በፊት ሌላ ሚስት ነበረችው። እሷን ፈትቶ ነው እናቴን ያገባው፤ ከእሷ ሁለት ልጆች አሉት፣ ከእናቴ ሦስት ነን። አምስት ልጅ፣ አንድ ቤት። ቤቱ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፣ ካርታው በአባቴ ስም። አባቴ እያለ አምስታችንም ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። አርባው ካለፈ በኋላ ግን እናቴ ከሳጥኗ አንድ ወረቀት አወጣች። ኑዛዜ ነው። ቤቱ ለእሷና ለሦስታችን ይሁን ይላል። ሁለቱን ታላላቆቼን በስም እንኳ አያነሳቸውም።

ወሬው በሰዓታት ውስጥ ደረሳቸው መሰለኝ። ወር ሳይሞላ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። ታላቅ ወንድሜ የአባቴ ውርስ ይጣራልኝ ብሎ አመልክቷል።

እኔም ደንግጬ መጀመሪያ የሄድኩት ሰው ሁሉ የሚሄድበት ነው። ፍርድ ቤት አጥር ጥግ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ጋ። ድሮ ታይፕራይተር ነበር፤ አሁን ላፕቶፕና ፕሪንተር አላቸው፣ መብራቱን ከጎን ካለ ሱቅ ስበው። እኔ የደረሰኝ ሰውዬ አማርኛው ያምራል። ወላሂ ያምራል። የአባቴን ሞት ሲጽፈው እኔ ራሴ ያልሰማሁት ያህል አስለቀሰኝ። ሁለት ገጽ ጽፎ «ኑዛዜው ይጽደቅልኝ» የሚል ማመልከቻ ሠራልኝ፣ 700 ብር ከፈልኩ። ኑዛዜውን ግን አላነበበውም። አገላብጦ ፊርማ መኖሩን አየና መለሰልኝ። ስለ መጥሪያው ስጠይቀው ደግሞ «እሱን ተዪው፣ አትሂጂ፤ ካልሄድሽ ምን ያመጣሉ? እናትሽ ክርስቲያን አይደለች?» አለኝ። ይቺን ምክር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ራፖር ጸሐፊ አይረባም እያልኩ አይደለም። የምትፈልጉትን አውቃችሁ ከሄዳችሁ፣ ለምሳሌ የቀጠሮ ይቀየርልኝ፣ የመዝገብ ግልባጭ ይሰጠኝ ዓይነት ከሆነ ፈጣን ናቸው፣ ርካሽ ናቸው። እኔ ግን የምፈልገውን አላውቅም ነበር። ጸሐፊ የሚጽፈው የነገርከውን ነው። ትክክል ይሁን አይሁን የእሱ ጉዳይ አይደለም፣ ለዛም አይደለም የሚከፈለው።

ማመልከቻውን ላስገባ በተነሳሁበት ጠዋት ጎረቤታችን ቡና ላይ «እንዲህ ያለ ነገር ይዞማ ዝም ብሎ አይገባም፣ አንድ ጠበቃ ይየው» አለችኝ። ወደ ፎቁ የወጣሁት በእሷ ምክር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠበቃው አልነበረም። ቀጠሮ ላይ ነው ተባልኩ። ሁለተኛው ቀንም አልነበረም። ስልኩ ዝግ። ይሄ አንደኛው ቅሬታዬ ነው፤ ጠበቃ ጠዋት ችሎት እንደሚውል ይገባኛል፣ ግን በሩ ላይ «ከሰዓት በኋላ ነው የምገኘው» የሚል አንድ ወረቀት መለጠፍ ስንት ያስወጣል? ሰው እኮ ከተንታና ከወረኢሉ ተሳፍሮ ይመጣል።

በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ከፊቴ ከኩታበር የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፣ ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው። ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። የመሬት ክርክር ነው፤ ወረዳ ፍርድ ቤት ተረትተው ወደ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሊሉ ነው። በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉንም እንሰማለን (ይሄ ሁለተኛው ቅሬታዬ ነው፣ እሱም ይቆየን)። ጠበቃው ወረቀቱን ሳያነብ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው።

«አባባ፣ ውሳኔው መቼ ነው የተሰጠዎት?»

ቀኑን ነገሩት። ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። ለይግባኝ የሚሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ሽማግሌው አልፏቸዋል። ለካ መኸሩን ሲሰበስቡ ነው ያለፈው። እኔ እዛው ተስፋ ቆረጥኩላቸው። እሱ ግን ከወንበሩ ተነሳና አጠገባቸው ተቀመጠ። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላም ይግባኝ እንዲፈቀድለት ማመልከት እንደሚችል አስረዳቸው፤ ቀጥሎ ታመው ነበር ወይ፣ የውሳኔው ግልባጭ ዘግይቶባቸው ነበር ወይ፣ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። መኸር በቂ ምክንያት እንደማይሆን ደግሞ ፊት ለፊት ነገራቸው። «ልዋሽልዎት እችላለሁ፣ ገንዘብዎትን እበላለሁ፣ ከዛ ደግሞ ሁለታችንም እናፍራለን» አላቸው። ግልባጩ መቼ እንደተሰጣቸው የሚያሳይ ማህተም ፈልገው እንዲመለሱ ነግሮ ሸኛቸው። ገንዘብ አልተቀበላቸውም። እሺ፣ ይሄ ሰውዬ ይቅር ይባላል አልኩ በሆዴ፣ ስለ ሁለቱ ቀን።

ከዛ ተራዬ ሆነ። ኑዛዜውን ሰጠሁት። አነበበው። እንደገና አነበበው። ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጠራጊ ሰው ቆሻሻ ሲፈልግ እንደሚያየው ነው የሚያየው።

«ማነው የጻፈው?»

«አባቴ ነው ያስጻፈው፤ ኮምፒዩተር ቤት።»

«ምስክሮቹ ሦስት ናቸው።»

«አዎ፣ ሦስቱም በሕይወት አሉ» አልኩ ኮራ ብዬ።

«አራት ነው የሚያስፈልገው።»

የማላውቀው ነገር ይሄ ነበር፤ ምናልባት እናንተም አታውቁት ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜን በሦስት መንገድ ይቀበላል። አንደኛው ሰውዬው ራሱ ከላይ እስከ ታች በእጁ የሚጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ጠቅሶ፣ ቀን አድርጎ፣ በየገጹ ፈርሞ። ይሄኛው ምስክር አይፈልግም፤ ግን በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ጋ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። ሁለተኛው በግልጽ የሚደረግ የሚሉት ነው። እሱን ሌላ ሰው ቢጽፈውም፣ በታይፕ ወይም በኮምፒዩተር ቢጻፍም ችግር የለም፤ ግን ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት መነበብ አለበት፣ መነበቡም እዛው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፣ ሁሉም ወዲያው መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ፣ ሥራው ላይ እያለ፣ ሁለት ይበቃል። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፣ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ለሁለት ምስክር የሚናገረው፣ ስለ ቀብሩና ስለ ትናንሽ ነገሮች፤ ሰውዬው ካልሞተ 3 ወር ካለፈ በኋላ አይሠራም። ቤት በቃል አይናዘዝም ማለት ነው። «አባቴ ሊሞት ሲል ቤቱን ለእኔ ብሎኛል» የምትሉ ሁሉ፣ እንግዲህ።

የአባቴ ወረቀት በኮምፒዩተር የተጻፈ ነው፣ ስለዚህ የእጅ ጽሑፍ አይደለም። ምስክሩ ሦስት ነው፣ ስለዚህ በግልጽ የተደረገም አይሆንም። «በፊታችን ተነቧል» የሚል መስመርም የለውም። ጠበቃው ይሄን ሁሉ ካስረዳኝ በኋላ መነጽሩን አወለቀ።

«እህቴ፣ ይሄ ወረቀት አይቆምም። አስጸድቂ ብዬሽ መዝገብ ልከፍትልሽ እችላለሁ፤ ወንድምሽ ጠበቃ ካቆመ በመጀመሪያው መልስ ይጥለዋል። ደግሞ ምስክሩ ቢሟላም፣ ልጅን ያለ ምክንያት ከውርስ መንቀል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አትክሰሺ።»

700 ብር ከፍዬ ያጻፍኩት ማመልከቻ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ላሳየው አፈርኩ።

ከዛ የቀን መቁጠሪያ ቀደደና ጀርባው ላይ መሳል ጀመረ። ለእኔ የ600 ብሩ ዋጋ ይቺ ወረቀት ናት። ቤቱ መቼ ተሠራ? አባትና እናትሽ ከተጋቡ በኋላ። በማን ገንዘብ? በሁለቱም፤ እናቴ ጠላም ጠምቃ፣ ጉሊትም ተቀምጣ። ካርታው በአባቴ ስም መሆኑ ለውጥ እንደሌለው ነገረኝ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል ነው ብሎ ያስረዳ ሰው እስከሌለ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ከውርሱ በፊት የቤቱ ግማሽ የእናቴ ነው። ውርስ የሚባለው የቀረው ግማሽ ብቻ ነው። እሱ ለአምስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል፤ ሴት ወንድ፣ የፊተኛ ሚስት የኋለኛ ሚስት ልጅ ሳይል። ለእያንዳንዳችን የቤቱ አሥረኛ እጅ።

ቆጠርኩት። እናቴ አምስት አሥረኛ፣ እኛ ሦስታችን ሦስት አሥረኛ፣ በድምሩ ስምንት። ሁለቱ ታላላቆቼ ሁለት። እኛ እዚህ ድረስ ያደረሰን ጠብ የቤቱ ሁለት አሥረኛ ነው። በኑዛዜው እናገኝ የነበረው አሥሩንም፣ ያለ ኑዛዜው ስምንት። እኔ እኮ ወረቀቱ ከወደቀ እናቴ ሜዳ ላይ ትወድቃለች ብዬ ነበር እንቅልፍ ያጣሁት! ራፖር ጸሐፊው ይሄን ሒሳብ ቢነግረኝ ኖሮ… ግን እሱን አልጠየቅኩትም፣ እውነት ለመናገር።

አሁን ወደ መጥሪያው። ጠበቃው «አትሂጂ» መባሌን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የቤተሰብና የግል ጉዳይ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፣ ግን ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ነው። ካልተስማማሽ መብትሽ ነው፣ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይኬዳል። ችግሩ መጥሪያ ደርሶሽ ዝም ካልሽ ነው፤ ዝምታሽ እንደ እሺታ ሊቆጠር ይችላል፣ ከዛ በሌለሽበት ይወሰናል። ስለዚህ ቀርበሽ በአፍሽ ትናገሪያለሽ፣ ብትፈልጊ እሺ፣ ብትፈልጊ እምቢ። «አንዴ እሺ ካልሽና ከተጀመረ በኋላ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ ብለሽ ፍርድ ቤት ማማረጥ የለም» አለኝ። ቀጠሮው ነገ ነበር። ነገ! ያቺን ቡና ባልጠጣ ኖሮ እኮ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነበር የምውለው።

ሄድኩ። ቃዲው ደግሞ እንደፈራሁት አይደሉም፣ በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። ትስማሚያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ በአክብሮት አልስማማም አልኩ፣ መዝገብ ላይ አሰፈሩት፣ አለቀ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰላምም አልተባባልን።

ጠበቃው ጋ በሄድኩበት ቀን በዛው ሌሎች የተጠራቀሙ ጥያቄዎቼንም አፈሰስኩበት፤ 600 ብር ከከፈልኩ አይቀር ብዬ። ታናሽ ወንድሜ ሰርቪስ ቤቱ ላይ ያለውን ተከራይ ሊያስወጣ በሩን ገንጥሎ ሊያነሳ ነበር። ጠበቃው ሳቀና «ንገሪው፣ በሩን ሲያነሳ ተከሳሽ ይሆናል» አለኝ። ውል ባይጻፍም ተከራዩ ቤቱን በእጁ ይዟል፣ ሁከት ይወገድልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል፤ ማስወጣት የሚቻለው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ እምቢ ካለ በፍርድ ቤት ነው። መብራት መቁረጥም ያው ነው። ሬዲዮ ላይ የሰማሁትን የኪራይ አዋጅም አነሳሁበት፣ ቁጥር 1320/2016ን፣ ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር አይብለጥ የሚለውን። እሱ ክልል ላይ በየትኛው ከተማ እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ነው፣ ከተማ አስተዳደር ሄደሽ ጠይቂ ብሎ አለፈው። ብቻ በጽሑፍ ተዋዋሉ አለኝ።

ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ባሏን መፍታት ትፈልጋለች፣ ግን ሁሉም ሰው «ጥፋቱን በምስክር ካላስረዳሽ አትፈቺም» እያለ አስፈራርቷታል። ውሸት ነው። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው፣ አንዱ ወገን ብቻውን ፍቺ መጠየቅ ይችላል፤ ጥፋተኛ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ታረቁ ሊል፣ በሽማግሌ ሞክሩ ሊል፣ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። የልጆች ቀለብና አስተዳደግ እዛው መዝገብ ላይ ይታያል፤ የሚታየው ለልጆቹ የሚበጀው ነው፣ ማን ማንን በደለ አይደለም። እህቴ አሁንም እያሰበችበት ነው፣ የእሷን ነገር እዚሁ ልተወው።

ያሳቀኝም ያናደደኝም ግን የብድሩ ነገር ነው። ሱቅ ልከፍት ብላ ያለቀሰችብኝ ጓደኛዬ አለች። 35,000 ብር በሞባይል አስተላልፌላታለሁ፣ ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም፣ ጓደኛዬ ናት። ዓመት ሆናት። መልእክት ስልክላት «አብሽሪ» ትለኛለች፣ ይኸው አብሽሬ አለሁ። ጠበቃው በሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ሲያምን፣ ወይም በመሐላ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። 500 ብር! ሕጉ ሲጻፍ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ሁለት ሰው ምሳ በልቶ ይጨርሰዋል፣ መስመሩ ግን እዛው ነው። ገንዘቡ መተላለፉን ባንክ ያሳይልሻል፣ ብድር መሆኑን ግን አያሳይልሽም፣ ስጦታ ነው ብትልስ? አለኝ። እና መሐላ? አልኩት። «ወሎ ላይ ሰው በሐሰት ከመማል ዕዳውን ቢከፍል ይመርጣል፣ ግን በእሱ ተማምነሽ አትክሰሺ። ይልቅ ሳትጣሉ የብድር ወረቀት አስፈርሚያት፣ ሁለት ምስክር ይኑር።» ሄጄ ነገርኳት። ተቆጣች፣ ከዛ ፈረመች። እስካሁን 8,000 መልሳለች። ጓደኝነታችን ትንሽ ቀዝቅዟል፣ ምን ይደረግ።

ቅሬታዬን ልናገር አሁን። በሩ። ያ በር ለምን አይዘጋም? እኔ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ የማላውቃትን ሴት ትዳር ከሠርጉ እስከ ፍቺው ሰማሁ፤ እኔ ስናገር ደግሞ እነሱ የእኔን ሰምተዋል ማለት ነው። ደሴ እኮ ሰው ይተዋወቃል። ጸሐፊዋን ዝጊልን ስላት «ይታፈናል» አለችኝ። ጦሳ ተራራ ሥር ቁጭ ብለን፣ ጭጋጉ መስኮት ሲያንኳኳ፣ ይታፈናል! ሁለተኛ፣ ዋጋው። የምክሩ 600 ተነግሮኝ ነበር፣ ግን ኮፒና ፕሪንት ለብቻው እንደሚታሰብ የሰማሁት ስከፍል ነው። ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ሆኖም አስቀድሞ ማን ይናገር? ደረሰኝም ጠይቄ ነው ያገኘሁት። በኋላ ለስምምነቱ 4,000 ስንዋዋል ግን ምን ምን እንደሚጨምር በጽሑፍ አስፈረምኩት፤ ከእሱው የተማርኩትን በእሱው ላይ። ሳቀ።

የመጨረሻው ቅሬታ፣ ቁጥር ያበዛል። አንቀጽ ይሄ፣ ንዑስ አንቀጽ ያ። እናቴ አንድ ጊዜ «ልጄ፣ እኔ ቤት ነው የጠየቅኩህ፣ የሎተሪ ቁጥር አይደለም» አለችው።

ገንዘብ ለሌለው ሰው ሌላ በር አለ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት መክፈል ለማይችሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እኔ ከፋይ ስለሆንኩ አልሄድኩም፣ የጎረቤታችን ልጅ ግን ለቀለብ ክስ ሄዳ እዛው ነው የተጻፈላት። የዳኝነት ክፍያ የማይችል ሰውም «በደሃ ደንብ ልክሰስ» ብሎ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ገንዘብ የለኝም ብሎ መብቱን ይተዋል።

የእኛ ነገር እንዴት አለቀ ለምትሉኝ። ጠበቃው ራሱ ነው ከክስ በፊት ሽማግሌ ሞክሩ ያለን። ሐይቅ ያሉት አጎታችን ሼህ ናቸው፤ በእናቴ በኩል ደግሞ የነፍስ አባቷ መጡ። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ቡናው ተፈላ፣ በዱዓ ተጀመረ፣ አቡነ ዘበሰማያትም ተደገመ። አቦሉ ላይ ማንም አልተናገረም። ቶናው ላይ ታናሽ ወንድሜ የቀን መቁጠሪያዋን ወረቀት አውጥቶ ሒሳቡን አሳያቸው፣ ስምንትና ሁለት። ታላቅ ወንድሜ ወረቀቱን አየና አስቀመጠው። «እኔን የበላኝ ቤቱ አይደለም» አለ። «አባቴ ስሜን ሳይጽፍ መሞቱ ነው።» እናቴ ተነስታ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፣ በረካው እስኪደርስ ሁለቱም ዓይናቸውን ሲጠርጉ ነበር።

በስምምነቱ የሁለቱን ድርሻ በግምት ዋጋው በሁለት ዓመት ከፍለን እንጨርሳለን፤ እናቴ በሕይወት እስካለች ማንም ቤቱ ይሸጥ አይልም። ወንድሜ የሸሪዓውን ማመልከቻ አነሳ። ስምምነቱን ጠበቃው ጻፈው፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጸደቀ። ሽማግሌ ያስታረቀውን ወረቀት ሳያጸድቁ መተው እንደማይበጅ አጥብቆ ነግሮን ነበር፤ ነገ አንዱ ቢክድ በእጅህ ያለው የፍርድ ቤት ውሳኔ ከሆነ በቀጥታ ያስፈጽምልሃል፣ አለበለዚያ ስለ ውሉ እንደገና ክርክር ትጀምራለህ።

የምትሄዱ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ። ዋናውን ወረቀት ያዙ እንጂ በስልክ የተነሳ ፎቶ አያይም። ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የሞት ማስረጃ፣ የደረሳችሁ መጥሪያ ሁሉ፤ መጥሪያ ካላችሁ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ መጀመሪያ ተናገሩ፣ ወሬውን በኋላ። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዷን ለበሩ ቀንሼ።

ስምምነቱን የፈረምን ቀን እናቴ ፎቅ አልወጣም ብላ ድርቅ አለች። ጠበቃው ወረቀቱን ይዞ ወረደ። ከፎቁ ሥር ካለው ሻይ ቤት አንድ ጠረጴዛ ያዝን፣ አምስታችንም፣ ሼሁም፣ አባም። እሱ መነጽሩን አደረገና ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ አነበበላት። ምስክሮቹን ቆጠርኩ። አራት ናቸው።